ጠጁን የጣልኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለታረቀኝ፣ ለባለቤቴ፣ ለልጄ አባት፤ ደብዳቤ ወደማይገባበት አገር ለሄድከው።

እንደምን ሰነበትክ አልልህም፤ እዚያ ሰው እንዴት እንደሚሰነብት አላውቅም። እኔ አለሁ። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ደባርቅ ጭቃዋን አራግፋለች፣ ያ ፊት የሚልጥ ንፋሷም ተመልሷል። ሰው ለሟች ሲጽፍ «ናፍቀኸኛል» ብሎ ነው የሚጀምረው። ናፍቀኸኛል፤ እሱ የታወቀ ነው፣ ተወው። እኔ ዛሬ እስክሪብቶ ያነሣሁት ሌላ ነገር አንገብግቦኝ ነው። ቀንቼብሃለሁ። በሕይወት ሳለህም እቀናብህ ነበር፤ ከሞትክ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ። በሞተ ሰው የሚቀና ሰው አይተህ ካላወቅህ ይኸውልህ፣ ሚስትህን እይ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። አንተ ሹፌር ነበርክ፣ ጠጅ ደግሞ የእረፍት ቀንህ ጨዋታ ነበር። አይሱዙህን ይዘህ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ ዛሪማ ትወርዳለህ፤ ጭነትህን አራግፈህ ስትመለስ ጋቢናው ውስጥ የቆላ ማር አለ። መሪ ይዘህ አንዲት ጠብታ ቀምሰህ አታውቅም፣ ይህን ማንም ፊት እመሰክርልሃለሁ። ቤት ስትገባ ግን መጀመሪያ የምታየው እኔን አልነበረም። ጫማህን ሳታወልቅ ጓዳ ትገባና ጆሮህን ጋኑ ላይ ትለጥፋለህ። ከዚያ ፊትህ በርቶ ትወጣና «እየፈላ ነው፣ ስንድዬ» ትለኛለህ። እኔም እኮ እዚያው ምድጃው አጠገብ እየፈላሁ ነበር። የእኔን ማን ያዳምጠው!

ያንን ጋቢ ታስታውሳለህ? እናቴ ፈትላ ያሰራችልንን፣ ገና ውኃ ያልነካውን። ጥንስስ ብርድ ከመታው ፈልቶ አይደርስም ብለህ ወስደህ ለጋኑ አለበስከው። እኔ በአሮጌው ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ስንቀጠቀጥ አደርኩ፣ ጋኑ እንደ ባላባት ተከናንቦ ጓዳ ውስጥ ተኝቷል። ያን ጊዜ ለእትዬ አንጓች፣ ለአጥር ጎረቤታችን፣ ምን እንዳልኳት ልንገርህ። ውሽማ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር አልኳት። ውሽማን ጸጉሯን ይዤ እጎትታታለሁ፤ ጋን በምኑ ይያዛል? እሷ እየሳቀች ለሰፈሩ ሁሉ አወራችው። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

«ጥንስስ ዓይን አይወድም» የሚለው ደንብህ ነው የበለጠ የሚያናድደኝ። ማሩን በውኃ ስትበርዝ፣ ጌሾውን ስትጨምር፣ የጓዳውን በር ከውስጥ ትቀረቅራለህ። ጋኑን ያጠብኩት እኔ፣ በወይራ ያጠንኩት እኔ፣ የጌሾውን እንጨት ከትክቼ በፀሐይ ያደረቅሁት እኔ፣ ሲደርስ ሰፈፉን ገፍፌ በጨርቅ የማጠልለው እኔ። አንተ በሩን ዘግተህ ታዋህድና እጅህን እያደረቅህ ወጥተህ «ጣልኩት» ትላለህ። ሰፈሩም ተቀብሎ «ታረቀኝ ጠጅ ጣለ» ይላል። በዓል ሲሆን እንግዳው ሁሉ ብርሌውን ከፍ አድርጎ ወደ አንተ ይዞርና «እጅህ ይባረክ» ይልሃል። እኔ ወጡን ይዤ ከኋላህ እቆማለሁ። ወጡንም የሚያመሰግን ነበር፤ ግን ለወጥ የሚባለውና ለጠጅ የሚባለው ምርቃት አንድ አይደለም። የወጡን እያኘኩ ነው የሚሉት፣ የጠጁን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው።

ደግሞ ይኸን ነገር አፍ አውጥቼ ነግሬህ አላውቅም፤ ጌሾ ታበዛ ነበር። ጠጅህ ጉሮሮ ይፍቅ ነበር። «ጠጅ ካልመረረ የሕፃን መጠጥ ነው» ትላለህ። እንግዳው ፊቱን አጨማዶ ይውጥና ያመሰግንሃል፤ ሁለተኛውን ብርሌ ደግሞ ሳይለመን አይጨርስም። እኔን «እንዴት ነው?» ብለህ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ጥሩ ነው እል ነበር። ምን ልበልህ? ያንን ፊት እያየ «መረረኝ» የሚል አንጀት ያለው ሰው አለ?

ከዚያ ልቤን አመመኝ ባልክ በሳምንቱ ጥለኸኝ ሄድክ። ይህ ቃላችን ይገርመኛል፣ ጠጅም ይጣላል፣ ሚስትም ትጣላለች። አንተ ሁለቱንም አወቅህበት።

ለአርባህ ተዝካር ዘመዱና እድሩ ሁሉንም ነገር ተከፋፍለው ያዙልኝ። ጠላው ተጠመቀ፣ በጉ ተገዛ። እኔ ጥቁሬን ለብሼ ጥግ ተቀምጬ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለካህናቱ ጠጅ የለም። በታረቀኝ ተዝካር ላይ ጠጅ የለም ሊባል ነው! ማንም ጓዳ ገብቶ ያየ ስለሌለ ሁሉም ጋኖቹ ሙሉ ናቸው ብሎ አስቧል። እኔ ብቻ ነበርኩ ባዶ መሆናቸውን የማውቀው። ከዛሪማ ያመጣኸው የመጨረሻው ማር እንዳለ ነበር። ለቅሶ ደራሹ ጋብ ሲልልኝ ተነሣሁ፣ ጓዳ ገባሁ፣ እንዳንተው በሩን ቀረቀርኩ። ለምን እንደቀረቀርኩት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሳይህ የኖርኩት እንደዚያ ስለሆነ ይሆናል። ሐዘንተኛ ሴት ስትጠምቅ ማየትስ ለሰው ዓይን መቼ ይመቻል? ማሩን በረዝኩ፣ ጌሾው ላይ ስደርስ እጄ አልሄድልህ አለኝ። ከአንተ ልክ ግማሹን እንኳ አልጨመርኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጅ ጣልኩ፣ ራሴ እንደምወደው አድርጌ ጣልኩት።

በተዝካሩ ቀን መምሬ ይግዛው፣ የነፍስ አባታችን፣ መጀመሪያ ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የዳሱን ምሰሶ ተደግፌ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። ብርሌውን አስቀምጠው «ነፍሱን ይማር! የገዛ ተዝካሩን ጠጅ ጥሎ የሄደ ሰው!» አሉ። ዳሱ ሙሉ «ነፍሱን ይማር» አለ። ዘልዬ ተነሣሁና መምሬ፣ እኔ ነኝ የጣልኩት አልኳቸው። ሰው ሁሉ በርኅራኄ አየኝ። መምሬ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው «አይዞሽ ልጄ፣ ሐዘን ነው፤ ያልፋል» አሉኝ። እትዬ አንጓችም ክንዴን ይዛ እያስቀመጠችኝ፣ አጠገቧ ላለችው ሴት «አንጀቷ ተቃጥሎ ነው የምትቀባጥረው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? የአንተ ደግሞ ራስ ደጀንን አልፎ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወሬህ አገሩን ሞላው። በዳባት ገበያ ሳይቀር ሞቱን አውቆ፣ ጠጁን ጥሎ፣ ጋኑን ከድኖ የሄደ ሰው እያሉ ያወሩህ ጀመር። ሰዎች እየመጡ ከዚያ ጠጅ ትንሽ አቅምሺን ይሉኝ ነበር። አንዱ ለታመመች እናቱ ለምኖ ወሰደ፤ መምሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው «ጠጅ እንጂ ጸበል አይደለም» እስኪሉ ድረስ። እኔ ደግሞ ኑሮ ነበረብኝ። ልጃችን ትብለጥ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ መኪናው ያለ አንተ ቆሟል። ሰው የሚወደውን ነገር እጄ ያውቀዋል፤ ታዲያ ምን እጠብቃለሁ ብዬ ንግድ ፈቃድ አወጣሁ። ወደ ፓርኩ በሚያወጣው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራየሁ፣ ጋኖች ጨመርኩ፣ አንዲት የምታግዘኝ ሴት ቀጠርኩ። «የሹፌሩ ሚስት ጠጅ ሻጭ ሆነች» ያለ አልጠፋም። ይበል።

አንተ የማታውቀውን ልንገርህ፣ ጨዋታና ሥራ አንድ አይደሉም። የበዓል ጠጅ ቢበላሽ ዘንድሮ ማሩ ነው ተብሎ ይታለፋል። በገንዘቡ የሚጠጣ ሰው ግን ማሩ ነው ብትለው አይገባውም፤ የትናንቱን ጠጅ ዛሬም ያንኑ አድርጌ እንዳቀርብለት ይፈልጋል። የበየዳው ነጭ ማር ሲመጣ ሌላ ነው፣ የዛሪማው ቀዩ ሌላ። ብርዱ ሲበረታ ይዘገያል፣ ሲሞቅ ይፈጥናል። ስንት ጋን ደፋሁ መሰለህ! ሆምጣጤ ሆኖብኝ ያለቀስኩበት ቀን አለ። አንተ ከብዶህ ብትተወው የሚጎድልህ ነገር አልነበረም፤ እኔ ግን መተው የማልችልበት ነገር ነበር። ቀስ በቀስ እጄ ጸና። አሁን የፓርኩ ሎጅ ሳይቀር በየሳምንቱ ከእኔ ያስወስዳል።

ታዲያ ይኼ ሁሉ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ጎንጨት ባለ ቁጥር የሚለው ምን መሰለህ? «ነፍሱን ይማር።» ይጠጣል፣ ከንፈሩን ይጠርጋል፣ ወደ ግድግዳው ወደ ፎቶግራፍህ ያያል፣ ነፍሱን ይማር። እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ፊቱ ቆሜያለሁ! ወገቤ ጎብጦ፣ እጄ ከጌሾና ከውኃ ብዛት ተሰነጣጥቆ! አንተ እዚያ ላይ ተሰቅለህ ፈገግ ብለሃል። አስጎብኚዎቹ ደግሞ ፈረንጆቹን ይዘው ይመጡና ታሪክህን በእንግሊዝኛ ይተርኩላቸዋል። አንድ ቀን አንዷ ፈረንጅ ካሜራዋን አውጥታ፣ እኔን በእጇ ገለል አድርጋ፣ አንተን አነሣችህ። በዚያ ቀን ፎቶህን አውርጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆየሁት። ማታውኑ መልሼ ሰቀልኩህ፤ አትቀየም። ግን ሳልሰቅልህ በፊት ብዙ ተናግሬሃለሁ።

እኔ የጣልኩት ነው ስላቸው አይሰሙኝም። አንዳንዱ የታረቀኝ ጋን አያልቅም ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። የሁለት ክረምት ሰው ጠጥቶት የማያልቅ ጋን! አእምሮው የት ሄዶ ነው? ሌላው ደግሞ አዎ፣ አንቺ ነሽ የጣልሽው ይለኛል፣ እሱ ባሳየሽ መንገድ ይልና ይጨምርበታል። ምን አሳየኸኝ አንተ? የተዘጋ በር ነው ያሳየኸኝ።

ትብለጥ ለእረፍት መጣች። ሰሌዳ ያስፈልገናል አለችኝ፣ ደስ አለኝ። ስሙን ስጠይቃት «ታረቀኝ ጠጅ» አትልም! «እማዬ፣ የአባዬ ስም እኮ ብራንድ ሆኗል» አለችኝ። የወለድኳት ልጅ! ሠዓሊው ብሩሹን ይዞ ቆሟል። የሰሌዳውን መደብ አረንጓዴ ቀባልኝ፣ ጽሑፉን ቆይ አልኩት። ሰሌዳው ክረምቱን ሙሉ ምንም ሳይጻፍበት በሩ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ሰዉም «ባዶዋ ጋ እንገናኝ» ይባባል ጀመር። ባዶዋ ማለት እኔ ነኝ እንግዲህ።

በጥቅምት አዲስ ማር ሲገባ አንድ ነገር ቆረጥኩ። ይኸ ሁሉ የመጣው በተዘጋው በር ነው፣ ስለዚህ በሩን እከፍተዋለሁ። ጋኑን አውጥቼ ግቢው መሐል በጠራራ ፀሐይ አቆምኩት። እትዬ አንጓችንና የእድሩን ሴቶች ጠራኋቸው። ዛሬ ስጥል በዓይናችሁ እዩኝ፣ ከዚያም ያያችሁትን መስክሩ አልኳቸው። ሴቶቹ ተያዩ። ማሩን ሳነሣ እትዬ አንጓች «በስመ አብ» ብላ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣለችና ወደ አጥሩ ዞረች። ሌሎቹም ተከትለዋት ዞሩ። ነገ ጠጁ ቢበላሽ የእገሊት ዓይን ነው እንዳይባል እኮ ነው! ጨዋነታቸው ነው። እዩ እላለሁ፣ እነሱ እንደ ዘብ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተሰልፈዋል። ስበርዝ አላዩኝም፣ ጌሾ ስጨምር አላዩኝም፣ ስከድን «ጨረስሽ?» ብለው በየተራ ዞሩ። ሲሄዱ ደግሞ እትዬ አንጓች በሩ ላይ ቆማ «ያው ታረቀኝም እንዲህ ነበር የሚጥለው» አለችኝ። ምኑን አይታ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እዚያው ጋኑ አጠገብ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ሳቄ ሲያልቅ አለቀስኩ። ያን ቀን የቀናሁብህን ያህል መቼም ቀንቼብህ አላውቅም።

ዓይን ካልመሰከረልኝ ምላስ ይመስክርልኝ አልኩ። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራ የእኛ ቤት ነበር፤ ያንተን ቦታ እኔ ነኝ የያዝኩት። ሁለት ጋን ጣልኩ። አንዱን በእኔ ልክ። ሁለተኛውን በአንተ። በሩን ዘጋሁና ጌሾውን እንዳንተው ያለ ርኅራኄ ጨመርኩበት፣ የሚቆይበትንም አስረዘምኩት። ስንት ዓመት ጋንህን አጥቤ፣ አተላህን ደፍቼ፣ ልክህ አይጠፋኝም። ጆሮዬን ለጥፌም አዳመጥኩት። ለምን ትወደው እንደነበር ያኔ ትንሽ ገባኝ፤ የዝናብ ድምፅ አለው። ቢሆንም ቅናቴ አልበረደም።

የማኅበሩ ቀን ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ተሰበሰበ። ጸሎቱ አለቀ፣ ዳቦው ተቆረሰ። እንደ ደንቡ መጀመሪያ በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስኩና መጀመሪያ ያንተን ቀዳሁላቸው። የማን ልክ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። መምሬ ጎንጨት አሉ። ፊታቸው እንደ ጨርቅ ተጨማደደ፣ ሳል ያዛቸው። ከዚያ መምሬ እየሳሉ መሳቅ ጀመሩ፣ ሲስቁ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ይኼ ታረቀኝ ነው» አሉ። «ታረቀኝ መጣ!» አብሮህ ይነዳ የነበረው ጓደኛህ ጉሮሮውን እያሻሸ «እንዲህ ነበር የሚፍቀን» አለ። እትዬ አንጓች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሁሉም አወቀህ። ሁለት ክረምት ሙሉ ጣዕምህን ረስተውት ነበር፤ ስምህን ሲጠሩ ግን አንድ ቀን አልቦዘኑም።

ከዚያ ብርሌውን ለቅልቄ ከእኔ ጋን ቀዳሁላቸው። መምሬ ቀመሱ። ብርሌውን ወደ ብርሃኑ አንሥተው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «እና ይኸን ሁሉ ጊዜ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። የተዝካሩ ቀን ግንባሬን በመስቀል ማሻሸታቸውን ሳያስቡ አልቀሩም። እኔም አላስታወስኳቸውም፣ ካህን አላሳፍርም። ቀስ ብለው ተነሡና «ስንዱ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ቤቱ በሙሉ ተቀበላቸው፣ እጅሽ ይባረክ! ዓይናቸውን ጨፍነው ነው ያሉት፣ ታሬ። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። እንደ ሙሽራ በሩ መሐል ቆሜ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። አንጓች መጥታ አቀፈችኝና «ምነው ያኔ አትነግሪንም ነበር?» ብላ ወቀሰችኝ። ስንት ጊዜ ነገርኳት! ይሁን፣ ያን ቀን ሁሉንም ማርኩ።

ከዚያ ድገሚን አሉኝ። ሁሉም ከእኔው። ያንተን ማንቆርቆሪያ ይዤ ስዞር አንዱ ሽማግሌ በብርሌው አፍ ላይ መዳፉን ጣል አድርጎ «የእሱ ይብቃኝ» አለኝ። ሌላውም እንዲሁ። ጓደኛህ ለጓደኝነቱ ሲል ግማሽ ጠጣልህና ብርሌውን ለወጠ። ጨዋታው ደመቀ፤ ስለ ጤፉ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ። እኔ ቆሜ አንድ ነገር እጠብቃለሁ፣ ምን እንደምጠብቅ ግን አላወቅሁም። በኋላ ገባኝ። ጠጥተው ከንፈራቸውን ሲጠርጉ ያቺን ቃል እጠብቃለሁ። አንድም ሰው «ነፍሱን ይማር» አላለም። ወደ ፎቶህ ያየ ሰው የለም። ሁለት ክረምት ያቃጠለኝ ቃል በአንድ ቀን ከቤቴ ወጣ፤ ያወጣሁትም እኔው ነኝ።

ሰው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ መርቆኝ ወጣ። የእኔን ጋን አጋድዬ አየሁት፣ አተላ ብቻ ነው የቀረው። ያንተው ሙሉ ለሙሉ እንዳለ ቆሟል። ለራሴ ቀዳሁና ፎቶህ ሥር ተቀመጥኩ። መረረኝ፣ ታሬ። በጣም መረረኝ። ያ «እንዴት ነው?» ብለህ ዓይኔን የምታይበት ፊትህ መጣብኝ፣ በየበዓሉ፣ በየዓመቱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሞትክ አልመሰለኝም ኖሯል። ስፎካከርህ፣ ስነዘንዝህ፣ ፎቶህን ሳዞር ስመልስ፣ ቤት ውስጥ ነበርክ። ካሸነፍኩህ በኋላ የምቀናበት ሰው አጣሁ። ብርሌውን ግን አልተውኩትም፣ ፊቴን እያጨማደድኩ ጨረስኩት።

ሠዓሊው በማግስቱ መጥቶ ሰሌዳው ላይ «ስንዱ ጠጅ» ብሎ ጻፈልኝ። ትብለጥ የሰሌዳውን ፎቶ በስልክ ስታየው «ያምራል፣ እማዬ» አለች፤ ቀጥላ ግን ድምፅዋ ተሰበረ፣ እኔም ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አስጎብኚዎቹ አሁን ሌላ ታሪክ ነው የሚያወሩት። ፈረንጆቹ እኔን ነው የሚያነሡኝ። አንተን የሚያነሣህ ቀንሷል።

ስለዚህ ቃሌን እሰጥሃለሁ። በየዓመቱ አዲስ ማር ሲገባ አንድ ጋን በአንተ ልክ እጥላለሁ። አልሸጠውም፣ ለሎጅ አልሰጠውም፣ ለፈረንጅም አላስቀምሰውም። ጓደኛህ ቢመጣ ግማሽ ብርሌ እቀዳለታለሁ፤ ትብለጥም ትቅመሰው፣ አባቷን ትወቀው። የተረፈውን እኔ እጠጣዋለሁ። በእያንዳንዱ ጉንጭ ሌላው ያቆመውን እኔ እልልሃለሁ፤ ነፍስህን ይማር፣ የእኔ ጌታ። ጌሾውንም አልቀንስብህም።

ያንተው
ስንዱ